የማይታየው ባሕረ መዝገብ፦ የበርክሊ ዲቢ ታሪክና የፖስታ ሰርቨሮች ዕድሳት

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የመዝገብ ቤትን ዋጋ ያውቃል። አንድ ሹም በሌላ ቢተካ ሥራው ለጥቂት ቀን ይዘገይ እንደ ሆነ ነው እንጂ አይቆምም። ባሕረ መዝገቡ የጠፋ እንደ ሆነ ግን የገባው ደብዳቤ ከወጣው፣ ያለቀው ጉዳይ ካላለቀው አይለይም፤ ባለጉዳዩም ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲንከራተት ይውላል። በዛሬው ንግግራችን፣ በኤሌክትሮኒክ ፖስታ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖር አንድ ባሕረ መዝገብ እንዴት እንደ ተወለደ፣ በየጊዜው እንዴት እንደ ታደሰ፣ ዕድሳቱም ብዙ ባለሙያዎችን ስለ ምን እንዳስቸገረ በአጭሩ እናስረዳለን። የመዝገቡ ስም በርክሊ ዲቢ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢሜይል የምንለው ፖስታ ከላኪው ወደ ተቀባዩ በአንድ ዝላይ የሚደርስ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በመካከሉ የፖስታ ሰርቨር የሚባል ኮምፒዩተር አለ። ይህም እንደ ፖስታ ቤት ሆኖ ደብዳቤውን ይቀበላል፤ አድራሻውን ይመረምራል፤ ወደሚገባበትም ሣጥን ይመራዋል። በምርመራውም ጊዜ ብዙ ጥያቄ ይነሣል። ይህ ስም በእኛ ዘንድ አለን? «ለሥራ አስኪያጁ» ተብሎ የተጻፈው ደብዳቤ ለማን ይሰጥ? ይህስ ላኪ እንዲገባ ተፈቅዶለታልን? የዚህ ሁሉ መልስ የሚገኘው ከሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ የአሥር ሰዎች ስም ብቻ ያለበት ቢሆን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ይቻላል። የመቶ ሺህ ሰዎች ስም ያለበት ሲሆን ግን ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ዝርዝሩን በሙሉ ማንበብ የማይሞከር ነገር ነው። ስለዚህ ስሙን እንደ ቁልፍ ተቀብሎ መልሱን ወዲያው የሚያወጣ የመረጃ ቋት አስፈለገ።

የዚህ ዓይነቱ ቋት ጥንቱ በአሜሪካ ነው። በ1979 ዓ.ም. ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆኑት የቤል ላቦራቶሪዎቹ ኬን ቶምፕሰን ዲቢኤም የተባለ አነስተኛ ሥራ አቀረቡ። ዲቢኤም ፈጣን ነበረ፤ ነገር ግን ጠባብ ነበረ። አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ከአንድ ቋት በላይ ሊከፍትበት አይችልም፤ ቁልፉና መልሱም ተደምረው ከተወሰነላቸው አንድ ገጽ ማለፍ የለባቸውም። በ1986 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ባወጡት 4.3 ቢኤስዲ በተባለው የዩኒክስ ዕትም ውስጥ ኤንዲቢኤም የተባለው ተተኪ ታየ። በዚህኛው ብዙ ቋቶችን ባንድነት መክፈት ተቻለ፤ የገጹ ጠባብነት ግን እንዳለ ቀረ።

ከጠባብነቱ ሌላ የባለቤትነት ችግር ነበረ። የዩኒክስ መሠረታዊ ጽሑፍ የኤቲ ኤንድ ቲ ኩባንያ ንብረት በመሆኑ፣ የበርክሊ ሊቃውንት የጨመሩበትን የራሳቸውን ድካም እንኳ ከኩባንያው ፈቃድ ላላገኘ ሰው በነጻ ማካፈል አይችሉም ነበር። በበርክሊ የኮምፒዩተር ሲስተምስ የምርምር ቡድን ይሠሩ የነበሩት ኪት ቦስቲክ ይህን ቀንበር ለማውለቅ ቆረጡ። የኩባንያው እጅ ያለበትን ክፍል ሁሉ እየለዩ፣ ፈቃደኛ ባለሙያዎችን እየለመኑ፣ እንደገና ከባዶ እንዲጻፍ አደረጉ። ከሚተኩት ክፍሎች አንዱ ያ የቁልፍና የመልስ ቋት ነበረ። በ1991 ዓ.ም. በበርክሊ ተማሪ የነበሩት ማርጎ ሴልትዘርና በካናዳ የዮርክ ዩኒቨርሲቲው ኦዛን ይጊት ሀሽ በተባለ ዘዴ የሚሠራ አዲስ ቋት አቀረቡ። ማይክ ኦልሰን ደግሞ ቢትሪ የተባለውን ዘዴ ጨመሩበት። እነዚህ ሥራዎች ተዋሕደው በርክሊ ዲቢ ተባሉ።

ሁለቱን ዘዴዎች በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል፤ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና። ሀሽ ማለት፣ የመዝገብ ቤቱ ሹም የባለጉዳዩን ስም እንደ ሰማ በአንድ የሒሳብ ቀመር አስልቶ «ዶሴው በአርባ ሰባተኛው መሳቢያ ነው» ብሎ በቀጥታ እንደሚሄድ ያለ ነው። ቢትሪ ደግሞ እንደ መዝገበ ቃላት ነው፤ ስሞች በፊደል ተራ ተሰድረው፣ መጀመሪያ ክፍሉ፣ ቀጥሎ ገጹ፣ በመጨረሻም መሥመሩ ይገኛል። ሀሽ አንድን ስም ለማግኘት ይፈጥናል፤ ቢትሪ ግን ተከታታይ ስሞችን በተራ ለማውጣት ይበልጥ ይመቻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንለምናለን። በርክሊ ዲቢ ለብቻው ቢሮና ጸሐፊ እንዳለው ማዕከላዊ መዝገብ ቤት አይደለም። በሌላ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ የተዘጋጀ የፕሮግራም ክፍል፣ በሙያው ቋንቋ ላይብረሪ የሚባለው ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ የመዝገብ አያያዝን ሥራ ራሱ ተምሮ፣ ከጋራው ባሕረ መዝገብ ላይ በገዛ እጁ እንደሚጽፍ ቍጠሩት። ጥቅሙ ፍጥነት ነው፤ ደጅ መጥናት የለም። ጉዳቱ ግን ሠራተኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የአጻጻፍ ሥርዓት ካልተማሩ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ ይሳነዋል። ወደፊት የምንነግራችሁ ችግር ሁሉ ከዚህ አንድ ነጥብ የሚመነጭ ነው።

ፖስታው ወደዚህ መዝገብ የመጣው በጉርብትና ነው። ሴንድሜይል የተባለውን የታወቀ የፖስታ ፕሮግራም የጻፉት ኤሪክ ኦልማን የበርክሊ ሰው ነበሩ፤ ፕሮግራሙም በ1983 ዓ.ም. ከ4.2 ቢኤስዲ ጋር ወጣ። ሴንድሜይል የቅጽል ስሞችን ሠንጠረዥ በመጀመሪያ በዲቢኤም፣ በኋላም በበርክሊ ዲቢ ያስቀምጥ ጀመር። በ1998 ዓ.ም. በአይቢኤም የምርምር ማዕከል የነበሩት ቪትሴ ቬኔማ ፖስትፊክስ የሚባለውን የፖስታ ሰርቨር ለሕዝብ አወጡ። ይህም ሠንጠረዦቹን «ሀሽ» ወይም «ቢትሪ» እያለ ይጠራል፤ ከሁለቱም ስሞች በስተጀርባ ያለው በርክሊ ዲቢ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። አስተዳዳሪው ስሞቹን ሰው ሊያነበው በሚችል ተራ ጽሑፍ ይጽፋል። ከዚያም ኒውአሊያስስ ወይም ፖስትማፕ የሚባለውን ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ጽሑፉ ኮምፒዩተሩ ብቻ ወደሚያነበው የቋት ፋይል ይለወጣል። ጽሑፉ እናት ነው፤ ቋቱ ልጅ ነው። ይህን አደራ በልባችሁ ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው በሰፊው የተሠራጨው ዕትም 1.85 ነበረ። በነጻ ስለሚገኝ ብዙ ፕሮግራሞች አቀፉት። ነገር ግን ፋይሉ በሚጻፍበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል፤ ሁለት ጸሐፊዎች ባንድ ጊዜ ቢጽፉበትም ይበላሻል። በ1996 ዓ.ም. ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ ዕትም ስለ ፈለገ፣ ሴልትዘርና ቦስቲክ ስሊፒካት ሶፍትዌር የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ዕትም የጸሐፊዎችን ተራ የሚያስጠብቅ፣ የሥራ ማስታወሻ የሚይዝ፣ አደጋ በደረሰ ጊዜም ከማስታወሻው ተነሥቶ መዝገቡን የሚጠግን ሆነ።

ይህ ታላቅ መሻሻል ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ታላቅ ችግር ይዞ መጣ። በ1.85 የተጻፈውን ፋይል አዲሱ ዕትም አያነበውም ነበርና። አሮጌውን መዝገብ ወደ ተራ ጽሑፍ ገልብጦ የሚያወጣ ልዩ መሣሪያ ተዘጋጀለት፤ ከዚያም ጽሑፉ በአዲሱ ዕትም እንደገና ይጫናል። ከሁለተኛው በኋላ ሦስተኛው፣ ከሦስተኛውም በኋላ አራተኛው ሲመጣ ተመሳሳይ ጉዳይ በየጊዜው ተነሣ።

ዕድሳቱ ስለ ምን እንደሚከብድ ለመረዳት ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው የፋይሉ አጻጻፍ ነው፤ ይህም በየዕትሙ ሊለወጥ ይችላል። ሁለተኛው የሥራ ማስታወሻው፣ ሎግ የሚባለው ነው፤ አሮጌው ዕትም የጻፈውን ማስታወሻ አዲሱ ላይረዳው ይችላል። ሦስተኛው በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች በጋራ የሚይዙት የማስተባበሪያ ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ ማን ምን እንደ ቆለፈ ይጻፍበታል፤ አዲሱ ዕትም የአሮጌውን ሰሌዳ አግኝቶ ቢከፍተው ዕትሙ አይስማማም ብሎ ሥራውን ያቆማል።

ከእነዚህ ሌላ፣ ፕሮግራሙ የተዘጋጀበት ዕትምና በሥራ ጊዜ የሚያገኘው ዕትም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። የኮምፒዩተሩ አስተዳዳሪ ላይብረሪውን ብቻ አድሶ የፖስታውን ፕሮግራም እንዳለ ቢተወው ይህ ይደርስበታል። ፖስትፊክስ ይህን ልዩነት ሲያይ «በዚህ ዕትም ተሠርቼ ከዚያኛው ጋር ተያይዣለሁ» የሚል ማስታወቂያ ጽፎ ሥራውን ወዲያው ያቆማል። ክፉ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ደግነት ነው። የማያውቀውን መዝገብ እንዳወቀ ሆኖ ከሚያበላሽ ሠራተኛ፣ «ይህን ማንበብ አልችልም» ብሎ ብዕሩን የሚያኖር ይሻላል። እንዲሁም የፖስትፊክስን ቋት በፐርል ቋንቋ በተጻፈ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሰው፣ ሁለቱ የሚጠቀሙበት የበርክሊ ዲቢ ዕትም አንድ መሆኑን እንዲያረጋግጥ የፖስትፊክስ መመሪያ ያስጠነቅቃል። አስቀድመን «አንድ ዓይነት የአጻጻፍ ሥርዓት» ያልነው ይኸው ነው።

እንግዲህ ጥንቁቅ አስተዳዳሪ ዕድሳቱን በምን ተራ ይፈጽማል? በመጀመሪያ የፖስታውን አገልግሎት ያቆማል። ቀጥሎ በአሮጌው ዕትም ራሱ መዝገቡን ያጠራል፤ በእንጥልጥል የቀረ ጽሕፈት ካለ ከማስታወሻው ተነሥቶ ያስጨርሳል፤ የማስተባበሪያውንም ሰሌዳ ያስወግዳል። ይህን ሥራ በአዲሱ ዕትም እሠራለሁ የሚል ሰው ተራውን ያፋልሳል፤ የአሮጌውን ጸሐፊ እንጥልጥል ሥራ በቅጡ የሚጨርስ አሮጌው ጸሐፊ ነውና፣ ሳይጨርስ ማሰናበት አይገባም። ሦስተኛ፣ የፋይሎቹን ሙሉ ቅጂ ወስዶ በሌላ ሥፍራ ያኖራል። አራተኛ፣ አዲሱን ላይብረሪ ይተክላል፤ በእርሱ የሚጠቀሙትንም ፕሮግራሞች ሁሉ ከእርሱ ጋር ያስማማል። አምስተኛ፣ ፋይሎቹን ወደ አዲሱ አጻጻፍ ይለውጣል። በመጨረሻ አገልግሎቱን ይከፍታል፤ ጥቂት የሙከራ ደብዳቤዎችንም ልኮ መድረሳቸውን ያረጋግጣል።

የቅጂው ጉዳይ ለይስሙላ የተነገረ አይደለም። ዲቢ አፕግሬድ የሚባለው መለወጫ መሣሪያ ሥራውን የሚፈጽመው በዚያው በዋናው ፋይል ላይ ነው። በመካከሉ የዲስኩ ቦታ ቢያልቅ ወይም መብራት ቢጠፋ፣ ፋይሉ ከአሮጌውም ከአዲሱም ሳይሆን ሊቀር ይችላል። ቅጂ ያልያዘ ሰው በዚያ ሰዓት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል። ከዚህ ይልቅ ደኅናው መንገድ፣ በአሮጌው ዕትም መዝገቡን ወደ ተራ ጽሑፍ ማውጣት፣ በአዲሱ ዕትም ደግሞ ወደ አዲስ ፋይል መጫን ነው። ጊዜ ይፈጃል፤ ነገር ግን አሮጌው ፋይል ሳይነካ ይቀመጣል።

አሁን ወደ እናትና ወደ ልጅ ምሳሌያችን እንመለስ። በፖስታ ሰርቨር ውስጥ ያሉ ቋቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የቅጽል ስምና የፈቃድ ሠንጠረዦች የተራ ጽሑፍ እናት አላቸው። እነርሱን ማደስ ቀላል ነው፤ የቋቱን ፋይል መለወጫ ሳይፈልጉ፣ በአዲሱ ዕትም ፖስትማፕን ደግሞ ማዘዝ ይበቃል። እናት የሌላቸው ግን አሉ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሳይረስ የሚባለው የፖስታ ማኖሪያ ሰርቨር፣ የትኛው ሣጥን የማን እንደ ሆነና ባለቤቱ ለማን እንደ ፈቀደ የሚይዝ መዝገብ አለው። ይህን መዝገብ በየቀኑ የሚጽፈው ፕሮግራሙ ራሱ ነው እንጂ ሰው አይደለም። እርሱ በጠፋ ጊዜ ደብዳቤዎቹ በዲስኩ ላይ እያሉ፣ ሰርቨሩ ሣጥኖቹ የማን እንደ ሆኑ አያውቅም። ስለዚህ የሳይረስ አዘጋጆች መዝገቡን ወደ ጽሑፍ የሚያወጣና መልሶ የሚያስገባ ትእዛዝ አዘጋጁለት፤ ኋላም ስኪፕሊስት የሚባል የራሳቸውን የቋት ዓይነት ሠሩ። ብልህ አስተዳዳሪ ከዕድሳቱ በፊት ቋቶቹን ሁሉ ዘርዝሮ፣ እናት ያለውን ከሌለው ይለያል።

አንዳንድ ሰው «አገልግሎቱ ከቆመ የሚመጣው ደብዳቤ ይጠፋል» ብሎ በፍርሃት ይቸኩላል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም። የኢሜይል ሥርዓት ሲደራጅ መዘግየት ታስቦበታል። ተቀባዩ ሰርቨር ባልተገኘ ጊዜ የላኪው ሰርቨር ደብዳቤውን በወረፋ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ፖስትፊክስ ካልተለወጠ በቀር አምስት ቀን ይጠብቃል። ስለዚህ የሁለት ሰዓት መቆም ደብዳቤ አያጠፋም። ደብዳቤን የሚያጠፋው ሌላ ነው። በችኮላ የተተከለ ባዶ ሠንጠረዥ ይነበባል፤ ነገር ግን ስም የለበትም። ሰርቨሩም «እንዲህ የሚባል ሰው በእኛ ዘንድ የለም» የሚል የመጨረሻ መልስ ይሰጣል፤ ደብዳቤው ያን ጊዜውኑ ወደ ላኪው ይመለሳል፤ ወረፋም የለው፣ ሁለተኛ ሙከራም የለው። የተዘጋ መስኮት ባለጉዳዩን ነገ ተመለስ ይለዋል፤ ሐሰተኛ መልስ ግን ተስፋውን ቆርጦ ይሸኘዋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለዚህም ይሆናል፤ ከዚህ የከፋው ግን የፈሰሰው ሁሉ የማይለቀም መሆኑ ነው።

የታሪኩ መጨረሻ ክፍል የፈቃድ ጉዳይ ነው። በ2006 ዓ.ም. ኦራክል የተባለው ታላቅ ኩባንያ ስሊፒካትን ገዛ። በ2013 ዓ.ም. ስድስተኛው ዕትም ሲወጣ በነጻ የሚጠቀሙበት ሰዎች ፈቃድ ኤጂፒኤል ወደሚባለው ተለወጠ። በዚህ ፈቃድ መሠረት፣ ፕሮግራሙን ለውጦ በመረብ አማካይነት ለሰዎች የሚያገለግልበት ሁሉ የለወጠውን መሠረታዊ ጽሑፍ ለተጠቃሚዎቹ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በአሮጌው ፈቃድ ላይ ተደላድለው የነበሩ ብዙ ፕሮግራሞች ይህ አልተስማማቸውም። እንደ ዴቢያን ያሉ የሊኑክስ አከፋፋዮች በ5.3 ዕትም ላይ ቆሙ። ከኤቲ ኤንድ ቲ ፈቃድ ለመላቀቅ የተወለደ ሥራ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በፈቃድ ምክንያት ተከታዮቹን አጣ።

ወራሾቹ ግን ተዘጋጅተው ነበር። የኦፕን ኤልዳፕ መሪ ባለሙያ የሆኑት ሀዋርድ ቹ በ2011 ዓ.ም. ኤልኤምዲቢ የሚባል ቋት ሠሩ። ኦፕን ኤልዳፕም በ2021 ዓ.ም. ባወጣው 2.5 ዕትም የበርክሊ ዲቢን ክፍል ከውስጡ አስወገደ። ፖስትፊክስ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው 2.11 ዕትም ኤልኤምዲቢን ተቀበለ። ኤልኤምዲቢ የቋቱ ከፍተኛ መጠን አስቀድሞ እንዲወሰንለት ይፈልጋል፤ ፖስትፊክስ በ16,777,216 ባይት ይጀምርና በሞላ ጊዜ ራሱ እጥፍ ያደርገዋል። በ2025 ዓ.ም. የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10 በርክሊ ዲቢን አስቀርቶ ፖስትፊክስ በኤልኤምዲቢ እንዲሠራ አድርጓል። እንዲህ ያለውን ሥርዓት የሚቀበል አስተዳዳሪ በመመሪያው ላይ «ሀሽ» የሚለውን ቃል በ«ኤልኤምዲቢ» ይለውጣል፤ ሠንጠረዦቹንም ከተራው ጽሑፍ እንደገና ያዘጋጃል። እናት ጽሑፉን ያልጣለ ሰው ይህን በአጭር ጊዜ ይፈጽመዋል። ልጁን ብቻ ይዞ እናቲቱን የጣለ ግን፣ አሮጌው ላይብረሪ ከኮምፒዩተሩ ሳይወገድ በፊት መዝገቡን አውጥቶ መገልበጥ ይኖርበታል፤ ከተወገደ በኋላ የሚያነብለት ፍለጋ መውጣቱ አይቀርምና።

ክቡራን አንባብያን፤ እናንተ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ባትሆኑም ይህ ታሪክ ከዕለት ሥራችሁ የራቀ አይደለም። አንድ ቀን «ነገ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ኢሜይል አይሠራም» የሚል ማስታወቂያ ከባለሙያዎቻችሁ ሲደርሳችሁ፣ አታጉረምርሙ፤ አታቻኵሏቸውም። ይልቁንም ሁለት ጥያቄ ጠይቋቸው። ሙሉ ቅጂ ተይዟልን? ሰው ሊያነበው የሚችለውስ ዋናው ጽሑፍ በማን እጅ ይገኛል? ለሁለቱም ቀጥተኛ መልስ ካገኛችሁ በሰላም ሥራችሁን ቀጥሉ። ካላገኛችሁ ግን ቀጠሮው እንዲተላለፍ ብታዙ አይፈረድባችሁም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና።

ዲቢኤም መጥቶ ሄደ፤ በርክሊ ዲቢም ከብዙ ፖስታ ቤቶች እየወጣ ነው፤ ኤልኤምዲቢም በተራው ለሌላ ሥፍራውን የሚለቅበት ቀን ይመጣል። መሣሪያ ያረጃል፤ ኩባንያ ይሸጣል፤ ፈቃድም ይለወጣል። ሰው በሰው ፊደል የጻፈው ዝርዝር ግን ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው እየተሻገረ ይኖራል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉ አባቶቻችን ስለ ብራናው ተናገሩ፤ ቃላቸው ግን ለዚህም መዝገብ ደርሷል።